አባቴ ያጎረሰን የራሱን ምሳ

«አባትሽ ምግቤን ንቆታል» አለችኝ እትዬ ሩቂያ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች ፊቴ ቆማ። «ያዛል፣ ይቀርብለታል፣ ከዚያ ለረዳቱ ያጎርሳል፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ለማያውቀው ሰው ያጎርሳል። እሱ ሻዩን ጠጥቶ ይነሳል። ምን አስቀየምኩት? እስቲ ጠይቂልኝ።»

እትዬ ሩቂያ ባቢሌ ላይ ምግብ ቤት አላት። አባቴ ሁሴን ከጅጅጋ ሐረር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ምሳውን የሚበላው እሷ ጋ ነው። ያን ቀን ሐረር ጉዳይ ነበረኝና አብሬው ስመለስ ነው ይህን ያለችኝ። ጋቢና ገብቼ ነገርኩት።

«ጨው አብዝታ ነው» አለ። «እንዳትነግሪያት፣ ትቀየማለች።»

ሳቅን። ረዳቱም ከኋላ ሳቀ። ለውዝ ገዝቶልኝ ነበር፤ እስከ ቦምባስ እየፈለፈልኩ ስበላ እሱ አንድ ፍሬ አልነካም።

የመጀመሪያው ምልክት ይኸው ነው። በኋላ ሐኪሞቹ ዲስፋጂያ አሉት፤ ለመዋጥ መቸገር ማለት ነው። እኛ ግን ሌላ ስም ሰጥተነው ነበር። ደግነት ነበር የምንለው።

ይህን የምጽፈው አባቱ ወይ እናቱ መዋጥ ላቃታቸው ሰው ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሞባይል ቤት የምሠራ ልጅ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው።

አባቴና እናቴ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ ጅጅጋ ተወለድኩ። ቤታችን የሚቀርበው አንድ ትሪ ነው፤ ሩዝም ይሁን እንጀራ ሦስታችንም ከዚያ ላይ ነው የምንበላው። ከአንድ ትሪ ሲበላ ደግሞ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። አባዬ ያን ዓመት አጉራሽ ሆነ። ሥጋው ሲመጣ ጥሩ ጥሩውን ይመርጣል፣ ይጠቀልላል፣ ለእማዬ። ከዚያ ለእኔ። እንደገና ለእኔ። እማዬ «ሁሴን በስተርጅና ፍቅር ጀመረው» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር። እሱ ጣቱን ይልሳል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» ይላል፣ ሻዩን ያስቀዳል። እኛ እንጠግባለን። ያን ዓመት ወፍሬ ቀሚሶቼ ጠበውኝ ነበር።

ጊዜውም ደበቀው። ኮሮና ገብቶ ሾፌር ሁሉ ማስክ የሚያጠልቅበት ወቅት ነው፤ ጉንጩ መጉደሉን ማን ይይ? ረመዳን ገባ። ሁሉም በሚጾምበት ወር ያልበላ ሰው አይለይም። ጫት አቆመ። እማዬ ስንት ዓመት ስትለምነው የኖረችው ነገር ስለሆነ ሱጁድ ወረደች፤ ጭማቂውን መዋጥ አቅቶት እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው። ቀበቶው ላይ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ ይበሳ ነበር። ወስፌውን ከመኪናው መፍቻዎች ጋር ነበር የሚያስቀምጠው።

ሁሉንም አይተናል። አንዱን ከአንዱ ግን አላገናኘነውም።

ነገሩ የወጣው ዐረፋ ዕለት ነው። አዴር አብዲ ቤታችን ነበር። አዴር በሶማልኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ አጎትየውም መልሶ ልጁን «አዴር» ይላል፤ እኔና እሱም እንደዚያ ነበር የምንጠራራው። የአይሱዙ ሾፌር ነው፣ የአባቴ የመንገድ ጓደኛ። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ ሦስታችንን ቤቱ አስገብቶ ራሱ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ያን ዕለት ከፍየሉ ሥጋ መርጦ ለአባዬ ጉርሻ ዘረጋለት። የጓደኛ ጉርሻ እምቢ አይባልም። አባዬ ተቀበለ። አላመጠ። ዓይኑ ፈጠጠ። ተነስቶ ወጣ።

ግቢ ውስጥ አጎንብሶ አገኘሁት። ምራቁ እንኳ አልወርድ ብሎ እንደ ክር ተንጠልጥሏል።

«ሥጋ ተሰንቅሮበት ነው» አለ አዴር አብዲ ከኋላዬ። «የሚያወጣ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ደምበል ገጠር ነው የሚኖረው።»

በር ላይ የተቀመጠልን ሰው ነው ያለው። ሁላችንም እሺ አልን።

በማግስቱ በአይሱዙው ሄድን። እኔም ገባሁ፤ ድሮም ቤት ተቀምጬ መጠበቅ አይሆንልኝም። ሰውዬው ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ይህን አምጡ ያን አምጡ አላለም። ጣቱን ቅቤ ቀባ። አባዬን ጉልበቱ መሃል አስቀምጦ አገጩን ወደ ላይ ያዘ። ጣቱን አስገባ። አባዬ ተንፈራገጠ። አዴር አብዲ ትከሻውን ጨምድዶ ይዞታል። ሽማግሌው እጁን አውጥቶ መዳፉን ዘረጋ። ጠቆር ያለች ቁራጭ ሥጋ አለች።

በዓይኔ አይቻታለሁ። አዴር አብዲ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ስንመለስ አባዬ የግመል ወተት ጠጣ፣ ወረደለት። ወተት ድሮም ይወርድለት እንደነበር ያስታወሰ የለም። እማዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ሥጋው ወጥቷል፣ የቀረው ቁስሉ ነው፣ በማር ይድናል ተባለ። ማሩን ላሰ። ወራት ሄዱ። መጀመሪያ ጠጣሩ ቀረ። ከዚያ ሻይ ውስጥ የራሰው ዳቦ። ከዚያ ሾርባው። ጋደም ሲል ያስለው ጀመር። ድምፁ ሰለለ። መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጠ።

አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሲቀይር እማዬ በሩን ከፍታ ገባች። ጩኸቷ ነው ያስነሳኝ።

ሐረር ወሰድነው። ሐኪሙ ወጣት ነው። አባዬን ሳይነካው በፊት ቀበቶውን አየ።

«ይህን ቀዳዳ ማን ነው የበሳው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እማዬ ከዐረፋ ወዲህ አለች። እኔ ከረመዳን አልኩ። አባዬ ሁለታችንንም አየን። «ከዚያ በፊት ነው» አለ። «ባቢሌ፣ ሩቂያ ጋ።»

ኢንዶስኮፒ ታዘዘለት። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ የምግብ ቧንቧውን ከውስጥ ያሳያል። ሰው በጣም ይፈራዋል፤ አባዬ «ከደምበሉ ሽማግሌ ጣት ይሻላል» ነው ያለው። ባዮፕሲ ወሰዱ፤ ከእጢው ትንሽ ናሙና ቆርጦ መመርመር ነው። ውጤቱ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ሆነ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር። ሲቲ ስካኑ ደግሞ ጉበቱ ላይም አሳየ።

ስለ ሥጋዋ ጠየቅኩት። ሐኪሙ አልሳቀብንም። ወረቀት ስቦ ከአፍ እስከ ጨጓራ አንድ መስመር አሰመረ። «የሰው ጣት የሚደርሰው እዚህ ነው» አለ፣ አናቱ ላይ ነጥብ አድርጎ። እስክርቢቶውን ወደ ታች፣ በጣም ወደ ታች አወረደው። «እጢው ያለው እዚህ ነው። ያያችሁት ሥጋ ከአባትሽ ውስጥ የወጣ አይደለም።»

«በኦፕራሲዮን አይወጣም?»

«ገና ጠጣር ብቻ ሲያስቸግረው መጥታችሁ ቢሆን እንሞክር ነበር። አሁን የምንችለው እንዲውጥ መርዳትና ሕመሙን ማስታገስ ነው።»

ወጣሁ። ግቢውን ዞርኩ። እንደገና ዞርኩ። ጥበቃው «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ሦስተኛ ዞርኩ።

እማዬ እንዳይነገረው ለመነች። ራሱ ጠየቃቸው። «ሾፌር ነኝ» አለ። «አስፋልቱ የት ላይ እንደሚያልቅ ንገሩኝ።» ነገሩት።

አዲስ አበባ ተልኮ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ስቴንት ገባለት፤ የጠበበውን ቧንቧ ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ ነው። ስቴንቱ ካንሰሩን አያድነውም፣ ይህን አስቀድመው በግልጽ ነግረውናል፤ ግን እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጡ ነበሩ፣ ምክንያቱም አባዬ ገንፎ በላ፣ ሾርባ ጠጣ፣ የተፈጨ ሩዝ በወተት አድርገንለት ትሪውን ለብቻው ይዞ ማንኪያውን ማንንም ሳያጎርስ ወደ ራሱ አፍ ሲወስድ እኔና እማዬ ቲቪ የምናይ መስለን እሱን እናይ ነበር። ወደ ጅጅጋ ስንመለስ ባቢሌ ላይ አስቁሙኝ አለ፤ እትዬ ሩቂያ ነገሩን ሰምታ ስለነበር ምንም ሳትጠይቅ አጃ ሾርባ በሰፊ ሳህን አቅርባ፣ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እስኪጨርስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ጨው በዝቷል?» አለችው።

«ዛሬ ልክ ነው» አላት።

ወደ ጓዳ ሮጣ ገባች፤ እስክንሄድም አልወጣችም።

ከዚያ እጢው ስቴንቱን አልፎ አደገ። መዋጥ ቆመ። የሞርፊን ሽሮፕ በጠብታ እንሰጠው ነበር። ከንፈሩን በጥጥ እናርሳለን። አጥንቱ በብርድ ልብሱ ላይ ይቆጠር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞተ። ምድጃው ላይ ሩዝ ተጥዶ ነበር፤ አረረ። ማንም አላወረደውም።

አዴር አብዲ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ነው። ለቅሶ ቤት ሲመጣ «አዴር» አለኝ። ፊቴን አዞርኩ። ሥጋዋን ያየሁት እኔም ነኝ፣ ያመንኩት እኔም ነኝ፤ ግን የምጠላው ሰው አስፈለገኝ። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ወጥቼ እሄዳለሁ። እሱም ሲገባው መምጣት ተወ።

ሰው ለቅሶ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። የጎረቤት ሳይክል ተውሼ ሜዳው ላይ እስክደክም እነዳ ነበር። ሳይክሉ ላይ ሆኜ ነው ነገሩ የመጣልኝ። በመኪና የሚሄድ ሰው ከተሞቹን ያልፋቸዋል፤ በሳይክል የሚሄድ ግን ውሃ ፍለጋ እንኳ እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከጅጅጋ እስከ ሐረር በአባቴ መንገድ፣ ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት ሁሉ ላይ እየቆምን፣ «መዋጥ ያስቸገረው አለ?» ብለን ብንጠይቅስ? እቤት እየመጣች የአባዬን ሞርፊን ትከታተል ለነበረችው ነርስ፣ ለሲስተር ነጃት ነገርኳት። «እኛ ጋ የሚመጣው ሁሉ ውሃ ማለፍ እምቢ ሲለው ነው» አለችኝ። «ንጂ፤ እኔ በመኪና እከተላለሁ።» የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡ። ሶማሌው ለተቸገረ ሰው የሚያዋጣውን ቃራን ይለዋል፤ በዚያው ልማድ ተዋጣልን። የተዋጣው ሐረር ለኢንዶስኮፒ ሪፈር ተጽፎለት መሳፈሪያና ማደሪያ ላጣ ሰው ነው የሚውለው።

እማዬ ተቃወመች። «ሴት ልጅ በሳይክል ካራማራን ስትወጣ አባትሽ ቢያይ ምን ይላል?»

«ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረጂ፣ ፍሬን አታግይ ይላል።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተበላሽቶ ለቅሶ ሆነ።

ምስጋናና ምክር መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው፣ እኔ ግን እዚሁ ልጨርሰው፤ የቀረው ስለ ሌላ ሰው ነው። ቀበቶ ማየት ለሚያውቀው ሐኪም፣ ለሲስተር ነጃት፣ ሾርባውን ላቀረበችው እትዬ ሩቂያ አላህ ይስጥልኝ። ለአንተ፣ ለአንቺ ደግሞ ይህን እላለሁ። ቤታችሁ ያለውን ሰው እጅ ሳይሆን ጉሮሮ እዩ። ሲያጎርሳችሁ ብሉ፣ ግን እሱስ በላ? ሥጋና ዳቦ ሲያስቸግረው፣ ወተት ይወርድለታል ብላችሁ አትጽናኑ። ምግብ በሻይ እየገፋ ካወረደ ጫት ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ጾም ነው አትበሉ። ሥጋ አወጣሁ የሚላችሁን ሰው አትሳደቡት፣ አትደብድቡት፤ ግን በዚያው ሳምንት ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሂዱ። እዩት ለማለት ሰውየው እስኪወድቅ አትጠብቁ።

ካራማራን ወጣሁት። ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፍቻለሁ፤ እውነቱ ይህ ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወረድኩ። ቦምባስ ላይ ቆምን፣ ሲስተር ነጃት አወራች፣ ሰው ሰማን። ዳካታ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የቆመበትን ሸለቆ ስናልፍ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ባቢሌ ስንደርስ እግሬ አይሰማኝም ነበር። እዚያ በልተን ሐረር መግባት ብቻ ነበር የቀረን፤ ሐረር በር ላይ የሚቀበለን ሰው ተዘጋጅቷል፣ የአባቴን ፎቶ ደረቴ ላይ አድርጌ ፊት የምቀድመው እኔ ነኝ።

እትዬ ሩቂያ ቤት በሾፌር ተሞልቷል። ሲስተር ነጃት መናገር ስትጀምር አንዱ ከጥግ «ሳይክል ካንሰር ያድናል እንዴ?» አለ።

«ጎማ ይነፋል እንጂ» አለው ጓደኛው። ሳቁ።

«አንተ ቦርጭህን ያጠፋልሃል» አልኩት። ይበልጥ ሳቁ፣ ግን መስማት ጀመሩ።

ያኔ ነው «አዴር» የሚል ድምፅ የሰማሁት። አዴር አብዲ መስኮቱ ሥር ከሁለት ሾፌሮች ጋር ተቀምጧል። መሃላቸው ሩዝ በፍየል ሥጋ አለ። «አዴር፣ ነይ ብዪ። ከጅጅጋ ድረስ በእግርሽ እየገፋሽ...» ጉርሻውን ሠርቶ እጁን ዘርግቷል። ጥሩውን ሥጋ መርጧል። ሰው ያየናል። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።

እያላመጥኩ ትሪውን አየሁት። የሁለቱ ሾፌሮች ፊት ለፊት ተቦርቡሯል። የእሱ ጎን እንደቀረበ ነው። አጠገቡ ባዶ የሻይ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ለአንዱ ሾፌር አጎረሰ። ለሌላው አጎረሰ። ጣቱን ላሰ።

ተቀመጥኩ። ሩዝ ጠቀለልኩ፣ ሥጋ ጨመርኩበት።

«አሁን አንተ ብላ፣ አዴር።»

«ጠግቤያለሁ።»

«ከእኔ እጅ።»

እጄን አፉ ድረስ አደረስኩት። ያኔ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። አፉን ከፈተ። አላመጠ። አላመጠ። ሾፌሮቹ ወሬያቸውን ቀጥለዋል። አንገቱ ላይ ጅማቱ ተገተረ። ተነስቶ ወጣ።

ተከተልኩት። ከአይሱዙው ጀርባ ጎማውን ተደግፎ አጎንብሷል። ጉርሻዬ አፈሩ ላይ ነው።

«ከመቼ?»

አፉን በእጅጌው ጠረገ። «ብዙ አይደለም።»

«ደምበል ሄደሃል?»

ጉርሻው ላይ በጫማው አፈር መለሰበት።

«አዴር አብዲ፣ ሄደሃል?»

«አወጣልኝ» አለ።

«ሥጋዋን አሳየህ?»

«አሳየኝ።» ድምፁ ሰለለ። «ጠቆር ያለች ናት።»

ግንባሬን መኪናው ላይ አስደገፍኩ። ብረቱ ይፋጃል። ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ለዓመታት ያስቀመጥኩት ጩኸት ነበረኝ። አልወጣም።

«ወተት ይወርድልሃል?»

«ወተት ይወርዳል። ገንፎም ይወርዳል። ሥጋና ዳቦ ነው...»

«እንግዲያው ዛሬ ሐረር ትገባለህ።»

«ድንች ጭኛለሁ፣ አዴር። ጅጅጋ ይጠብቁኛል። ነገ...»

«አባዬም ነገ ነበር የሚለው።»

«ድንቹስ?»

«ድንች አይበላሽም። ድንች ይጠብቃል።»

መሬት መሬቱን ያያል። ቀበቶውን አየሁት። ሲያየኝ በእጁ ሸፈነው።

«እፈራለሁ» አለ።

«እኔም።»

ተመልሼ ገባሁ። ሲስተር ነጃትን ጎትቼ ለብቻዋ ነገርኳት፤ ስልኳን አውጥታ ሐረር ወዳለው ሐኪም ደወለች። ፎቶውን ከደረቴ ፈትቼ ከልጆቹ ለአንዷ ሰጠኋት። «ፊት አንቺ ቅደሚ» አልኳት። «ምን ሆነሽ ነው? ደርሰናል እኮ» አለችኝ።

እትዬ ሩቂያ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም አይታለች። «እኔ እኮ የሚያጎርስ ሰው ሳይ ነው የምፈራው አሁን» አለችኝ ቀስ ብላ። ወተት በፕላስቲክ ሞልታ አስያዘችኝ።

ሳይክሉን ድንቹ ላይ ወርውረን በገመድ አሰርነው። አዴር አብዲ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አልነካም። የመኪናው አፍንጫ ወደ ጅጅጋ ዞሮ ነው የቆመው። ጋቢና ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ወተቱን እግሬ መሃል አደረግኩ።

«አዙር» አልኩት።

ሞተሩን አስነሳ። አዞረው። በሩን ሳብኩና ዘጋሁት፤ ወደ ሐረር ወጣን።